ፎርማት የማያደርገው ኸሚስ

ሐይቅ ከተማ፣ ከአስፋልቱ ወደ ሐይቁ ዳር የሚወርደው መንገድ አፍ ላይ፣ በአንድ ጊዜ ከሁለት ሰው በላይ የማያስገባ የቆርቆሮ ሱቅ አለ። ኸሚስ ስልክ የሚጠግነው እዚያ ነው። ድሮ ሬዲዮና ቴፕ ነበር የሚሠራው፤ የካሴት ዘመን ሲያልፍ የብየዳ ካውያውን ጫፍ በቀጭን ቀይሮ ወደ ሞባይል ዞረ። ዕድሜው ሃምሳ ሁለት ነው። የመነጽሩ አንድ እጀታ በመዳብ ሽቦ የተጠመዘዘ ነው፣ ንግግሩም አጭር ነው። በከተማው የሚታወቀው በሁለት ነገር ነው፦ ማንንም አያምንም፣ ፎርማት አያደርግም።

አለማመኑ የሥራ ደንብ ሆኖለታል። ስልክ ሲከፈት ባለቤቱ ፊት ለፊቱ ይቀመጣል። ኸሚስ ከመሳቢያው ቀይ ኩቴክስ ያወጣና ብልቃጡን ይሰጠዋል። ባለቤቱ በገዛ እጁ ባትሪው ላይ፣ የቦርዱ ጠርዝ ላይ፣ የስክሪኑ ጀርባ ላይ ምልክት ያደርጋል። አንዱ መስቀል ይሥላል፣ አንዱ ጨረቃ፤ ከብት ነጋዴው በሬዎቹን የሚተኩስበትን ምልክት ያስቀምጣል። ስልኩ ሲዘጋ ምልክቱ ታይቶ ነው የሚዘጋው። ልማዱን የፈጠረው ሐሜት ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ሾፌር «ኦርጅናሉን አውጥቶ ቻይና ከተተብኝ» ብሎ መናኸሪያ ለመናኸሪያ አስወራበት። ከዚያ ወዲህ፣

«እኔን አትመኑ፤ ዓይናችሁን እመኑ» ይላል።

ፎርማት አለማድረጉ ደግሞ ከአሮጌ ስልክ ጋር ካለው ጉዳይ የመጣ ነው። ከውጫሌና ከማርዬ አካባቢ የሚወርድ ገበሬ፣ በመስከረም ወደ ግሸን የሚያልፍ ተሳላሚ የሚይዘው ስልክ ብዙ ጊዜ የሠራው ኩባንያ ከተወው ቆይቷል። ማሻሻያ አይመጣለትም። ባትሪው ያብጣል፣ አፑ «አድሰኝ» እያለ ይነዘንዛል። ሌላው ጠጋኝ እንዲህ ያለው ሲመጣ ፎርማት አድርጎ፣ ሁሉንም ጠርጎ ባዶውን ይመልሰዋል። ስልኩ ለአንድ ሳምንት ይፈጥናል፤ ከዚያ የጠፋው ሁሉ ሲፈለግ ለቅሶ ይሆናል። ኸሚስ ግን በራሱ የሚታደሰውን ነገር ሁሉ ይዘጋል፣ ባለቤቱ የማይጠቀምበትን አፕ ያነሳል፣ ፎቶውን ወደ ሚሞሪ ካርድ ያዞራል፣ ባትሪውን ይለውጣል። የሚሠራውን አይነካም። ለመለዋወጫ ብሎ የሞቱ ስልኮችን በትልቅ የብስኩት ጣሳ ያከማች ነበር።

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ማለቂያ ላይ ጦርነቱ ወደ ከተማዋ ሲቃረብ ሱቁን ቆልፎ ከሚስቱ ጋር ወደ ደብረ ብርሃን ሸሸ። በታኅሣሥ ሲመለስ በሩ ተገንጥሏል። ካውያው፣ ሙቅ አየር የሚነፋው ብሎወሩ፣ ጣሳው፣ ሁሉም የለም። ሰማንያ እርምጃ ከፍ ብሎ ያለው የባድሩ ሱቅ ግን መስታወቱ እንኳ አልተሰነጠቀም። ባድሩ ሠላሳ አምስት የማይሞላ፣ ደሴ ቴክኒክና ሙያ ተምሮ የመጣ ጠጋኝ ነው። ከተማዋ ስትያዝ አልሸሸም።

«የሁላችን ሲሰበር የሱ ምን አድርጎ ተረፈ?» አለ ከተማው።

ኸሚስ አፉን ሞልቶ አልተናገረም፤ ሰላምታውን ግን አቆመ። በዚያ መንገድ ሲያልፍ በሌላኛው ጠርዝ ይሄዳል።

በጥር ወር በአንድ የገበያ ቀን ጸዳለ የምትባል ሴት ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆመች። ከአምባሰል በኩል ነው የመጣችው፤ ከሌሊት ጀምሮ በእግር፣ ከዚያ በአይሱዙ። ገብታ አልተቀመጠችም።

«ስልክ የሚሠራው አንተ ነህ?»

«ሰሌዳው ምን ይላል?»

«ማንበብ ብችል አንተን መች እጠይቅ ነበር።»

ኸሚስ መነጽሩን ገፋ አደረገ። «ነኝ። አምጪው።»

«እዚሁ ዓይኔ ሥር ነው የምትሠራው?»

«ከፊቴ ብትነሺ እኔ ራሴ አልከፍተውም።»

ይሄኛው መልስ ደስ ያላት መሰለች። ከነጠላዋ ሥር በሁለት ፌስታል የተጠቀለለ ስልክ አወጣች። ኸሚስ ፌስታሉን ሲፈታ አፍንጫውን ነፋ።

«ምንድን ነው የሚሸተኝ?»

«ቅቤ ነው።»

«ቅቤ?»

«የቅቤ ቅል ውስጥ ነው የደበቅኩት። ቤት ለቤት ስልክ ሲፈትሹ ማን ቅቤ ውስጥ እጁን ይከታል ብዬ። አርባ ቀን እዚያው ነበር። ፌስታሉን ግን አይጥ ነክሶታል።»

«እታለም፣ ይሄ ጥገና ሳይሆን ዶሮ ወጥ ነው የሚፈልገው» አለ ኸሚስ። የቻርጅ ቀዳዳው ጢም ብሎ ሞልቷል። የድምፅ ማውጫው ወንፊት ተደፍኗል። ሆኖም አልሳቀም፤ ዓይኑ ሌላ ነገር እየፈለገ ነበር። ከተማዋ ከተመለሰች ወዲህ የተዘረፈ ስልክ ይዘዋወራል። ለጠጋኞች በስብሰባ የተነገራቸው ግልጽ ነው፤ ባለቤቱ ያልታወቀ ስልክ አይከፈትም።

«የማን ነው ስልኩ?»

«የልጄ።»

«ልጅሽ የት አለ?»

«ምን አገባህ?»

«አገባኝ። የሞተ ወታደር ስልክ ከፍቼ እኔ ልታሰር?»

ጸዳለ እጇን ዘርግታ ስልኩን ነጠቀችው። ነጥቃ ግን አልሄደችም። ግድግዳውን ተደግፋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረችው።

ልጇ ሔለን ቤይሩት ናት። ስልኩን በ2009 ገዝታ፣ ስትሄድ ለእናቷ ትታው ሄደች። ሲሙም በሔለን ስም ነው። በየእሑዱ የዓረብ አገር ሰው ሁሉ በሚደዋወልበት አፕ ትደውላለች፤ ጎረቤት በዋይፋይ ያገናኛቸዋል። በመስከረም አሠሪዋን ለቅቃ ሌላ ቤት ገባች፣ ቁጥሯም ተቀየረ። አዲሱ ቁጥር ያለው በስልኩ ውስጥ ብቻ ነው። ፍተሻው ሲመጣ ጸዳለ ፈርታ ሲሙን አውጥታ ምድጃ ውስጥ ጨመረችው።

«በሌላ ሰው ስም ያለን ሲም አይተኩልሽም» አለ ኸሚስ።

«አልተኩልኝም። ውጫሌ ላይ ያለው ልጅ ደግሞ አጠፋዋለሁ፣ ከዜሮ እጀምረዋለሁ አለኝ። ነጥቄው መጣሁ።»

«አላህ አተረፈሽ። ቢያጠፋው ኖሮ አፑ እንደገና ሲከፈት የሚስጥር ቁጥር የሚልከው ለተቃጠለው ሲም ነው። ልጅሽን በምን ታገኚያት ነበር?»

«እሷ እኔን ሞታለች ብላ ይሆናል። ከጥቅምት ወዲህ ድምፄን አልሰማችም» አለች ጸዳለ።

ኸሚስ ታሪኩን ሙሉ በሙሉ አላመነውም። ኩቴክሱን ግን አውጥቶ ሰጣት። ጸዳለ ባትሪው ላይና ቦርዱ ላይ ሦስት ሦስት ነጥብ አስቀመጠች። ከዚያ ሥራ ተጀመረ። ቅቤውን በእንጨት ስንጥር ቆፍሮ አወጣ፣ የቀረውን በአልኮልና በጥርስ ብሩሽ አጠበ፤ ከጎረቤት በተዋሰው የፀጉር ማድረቂያ አሞቀው፣ እንደገና አጠበው። ባትሪው አብጦ ነበርና ሌላ ገጠመለት፤ ያበጠውን ምልክቱን አሳይቶ በእጇ ሰጣት። ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ስልኩ በራ።

«ክፈቺው።»

ጸዳለ አውራ ጣቷን ከላይ ወደ ታች፣ ወደ ጎን፣ ሽቅብ አንሸራተተች። ተከፈተ። ሽፋኑ ላይ ቀጭን ልጅ ከቀይ ላም ጋር ቆማለች፤ አፍንጫዋ የጸዳለ ነው። ኸሚስ ስለ ሟች ወታደር ያሰበውን ዋጠ።

አፑን ሲነካው ግን አንድ መስኮት ብቻ ወጣ። ይህ ቅጂ ጊዜው አልፏል፣ አዲሱን ጫን ይላል። አዲሱን ሊጭን ሲሞክር ስልኩ ራሱ «ለኔ አይሆንም» አለ። የመጨረሻ ማሻሻያው የመጣለት በ2010፣ አገሩ ሁሉ ለውጥ ለውጥ ሲል ነበር፤ ከዚያ በኋላ ኩባንያው ትቶታል።

«ተበላሸ?» አለች ጸዳለ።

«አልተበላሸም። መሐል ላይ ነው የቀረው። ከአንቺው አዲስ የሆነ፣ ከዛሬው ግን አሮጌ የሆነ ቅጂ ያስፈልገዋል። ይሄ ስልክ ሊሸከመው የሚችለው የመጨረሻው። እሱን ሳናጠፋ ላዩ ላይ ብንጭነው ያለው ሁሉ እንዳለ ይቀመጣል።»

«ከየት ይመጣል?»

«ከእኩያው አሮጌ ስልክ። ነበረኝ፤ ተዘረፈ።»

በገበያው ሁለት ሰዓት ፈለጉ። ጸዳለ ስልኳን በሁለት እጇ ይዛ፣ ኸሚስ ከፊት። ማንም ስልኩን አላዋሳቸውም። የሻይ ቤቷ ባለቤት አሲያ እንኳ፣ የኸሚስን ልጅ ጡት አጥብታ ያሳደገች ጎረቤቱ፣ ስልኳን ወደ ኋላዋ ደበቀች።

«ለምንድን ነው ስልኬ ከማላውቀው ስልክ ጋር የሚገናኘው? ነገ ምን ተገኘበት እባላለሁ? ይቅርታ አድርግልኝ ኸሚስ፣ ጊዜው እንዴት እንደሆነ አንተው ታውቃለህ።»

ያውቃል። እሱም ቢሆን አይሰጥም ነበር።

«ሌላ ጠጋኝ የለም?» አለች ጸዳለ፤ ወደ ላይ፣ መስታወት ወዳለው ሱቅ እያየች።

«አለ።»

«ታዲያ?»

ኸሚስ መንገዱን ተሻገረ።

ባድሩ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ነበር። ቀና ሲል ካውያው ከእጁ ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

«ጋሽ ኸሚስ! ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች?»

«ለሰላምታ አይደለም የመጣሁት። ለሥራ ነው።»

«እኔ ግን አሰላሙ አለይኩም።»

«ወአለይኩም ሰላም» አለ ኸሚስ፤ ይሄንን መመለስ ግዴታ ስለሆነ። የሚፈልገውን ነገረው። ባድሩ የጸዳለን ስልክ አየ፣ አሸተተ፣ ምንም ሳይጠይቅ ጎንበስ አለና ከጠረጴዛው ሥር ትልቅ የብስኩት ጣሳ ጎትቶ አወጣ። ክዳኑን ሲያነሳ ውስጡ የሞቱ ስልኮች ናቸው፤ በየባትሪው ላይ ጨረቃ፣ መስቀል፣ የከብት ምልክት፤ ሁሉም በቀይ።

ኸሚስ አንዱን ባትሪ አንስቶ ገለበጠው። ወደሱ ዞራ የጠየቀችው ጸዳለ ናት።

«ይሄ ያንተ ቀለም አይደለም?»



«የሱ ነው» አለ ባድሩ። «በሩ በተሰበረ ማግስት ገብቼ ያነሳሁት እኔ ነኝ። ብሎወሩና ካውያው ቀድመው ሄደው ነበር። ይሄ ቆሻሻ መስሏቸው ትተውታል። ሜዳ ላይ ልተወው?»

«አንድ ወር ሙሉ ሥርህ ነበር።»

«አንድ ወር ሙሉ በዚያኛው ጠርዝ ስትሄድ ነበር። ተሸክሜው ልከተልህ?»

«መንገድ ላይ መጥራት ያቅትሃል?»

«ጠርቼህ ዞር ብለህ ታውቃለህ?»

ኸሚስ ጣቱን ወደ መስታወቱ ቀሰረ። «ይሄስ? ይሄ እንዴት ተረፈ? ለነሱ ስልክ ስትሠራ ነበር ይባላል።»

«ጠመንጃ የያዘ ሰው ጄኔሬተርህ ላይ ቻርጅ አድርግልኝ ሲለኝ ምን ልበለው? አንተ ብትሆን ምን ትለው ነበር?»

«እኔ አልነበርኩማ።»

«አዎ። አልነበርክም።»

እውነቱን ይናገር አይናገር ኸሚስ ማወቂያ አልነበረውም። ብሎወሩንም ካውያውንም ራሱ ወስዶ ሸጦ፣ ጣሳውን ለምስክር ያስቀረ ሊሆን ይችላል። የተባለው ሁሉ እንዳለ እውነት ሊሆንም ይችላል። ጸዳለ ግን እስኪጣራ የምትጠብቅበት ቀን የላትም፤ የመጨረሻው መኪና አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይወጣል።

«ልጄ እዚያ ተዝካሬን እያወጣች ነው፤ እናንተ እዚህ ጣሳ ትከፋፈላላችሁ» አለችና ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ዱብ አደረገችው። «መጀመሪያ ይሄን!»

ከጣሳው ውስጥ የጸዳለን እኩያ አገኙ። ስክሪኑ ግማሹ ታውሯል፤ ቻርጅ ሲደረግ ግን ነቃ፣ አፑም አለበት። ባድሩ የቅጂውን ቁጥር አነበበ፣ ኸሚስ አላመነውም፤ መነጽሩን አስጠግቶ ራሱ አነበበ። ትክክል ነው። አፑን ለማስተላለፍ ሁለቱን ስልኮች አጎራብተው አስቀመጡ።

«ምኔን ነው የሚወስደው? ፎቶዬን ነው?» ጸዳለ መሐላቸው አንገቷን አስገባች።

«ይሰጥሻል እንጂ አይወስድብሽም። አሮጌ ክዳን ሳናነሳ ቆርቆሮ ላዩ ላይ እንደ መምታት በይው» አለ ኸሚስ።

ተላለፈ። ሊጭኑት ሲሉ «ቦታ የለም» አለ። ኸሚስ ሚሞሪ ካርድ አስገብቶ ፎቶዎቹን እያሳያት አዞራቸው፤ ላሟ፣ የክርስትናው ድግስ፣ ሔለን በመናኸሪያ። ጸዳለ አንድ ባንድ አየቻቸው። ያን ጊዜ ባድሩ ስልኩን ወደ ራሱ ሳብ አደረገና አሮጌውን አፕ በጣቱ ጫን አድርጎ ያዘ። «አጥፋ» የሚለው ብቅ አለ። አውራ ጣቱ ወደዚያ ሲሄድ ኸሚስ አንጓውን ጨብጦ ያዘው።

«ምን ልታደርግ ነው?»

ባድሩ ጣቱን አየ። ደነገጠ። «ወላሂ ልምድ ነው። በቀን ሃያ ጊዜ የማደርገው ስለሆነ...»

«እጅህን አንሳ።»

«አንስቻለሁ እኮ፤ አንተ ነህ የያዝከኝ።»

ኸሚስ ለቀቀው። ስልኩን ወደ ራሱ አዞረና አዲሱን ቅጂ ላዩ ላይ ጫነው። አረንጓዴው መስመር እየተሳበ ሞላ። አፑ በባድሩ ሱቅ ዋይፋይ ተከፈተና ተሽከረከረ፤ አሁንም አልገናኝ አለ። ሁለቱ ጠጋኞች እኩል ወደ ስልኩ ጥግ አዩ። ባትሪው ሲሞት ሰዓቱ ጠፍቶበት ስልኩ ራሱን ከአሥር ዓመት በፊት አድርጎታል። ባድሩ ቀኑን ጠራ፣ ኸሚስ ከራሱ ስልክ ጋር አመሳክሮ ሞላው።

ከዚያ ስልኩ ይንጫጫ ጀመር። ከሔለን ያልተነሳ ጥሪ፣ እንደገና ያልተነሳ ጥሪ፤ ቆጣሪው ሰባ አንድ ላይ ቆመ።

ጸዳለ ስልኩን ወደ ኸሚስ ገፋችው፤ የደወለላት እሱ ነው። ሁለት ጊዜ ጠርቶ ተነሳ። ከወዲያ ማዶ ትንፋሽ ይሰማል።

«ሄሎ» አለ ኸሚስ።

«ማነህ አንተ?» አለች ሔለን። «ይሄን ስልክ ከማን ወሰድከው? እናቴን ምን አደረጋችኋት?»

«ሔለን! እኔ ነኝ!» ጸዳለ ጮኸች።

የሔለን ድምፅ ቀዝቅዞ መጣ። «አጠገብሽ ወንድ አለ። እንዲህ እያስመሰሉ ብር ላኪ የሚሉ ሞልተዋል። እናቴ ከሆንሽ፣ ስሄድ ሻንጣዬ ውስጥ የከተትሽልኝን ንገሪኝ።»

«ምን ከተትኩልሽ?» ጸዳለ ተቆጣች። «አስወጣሽው እንጂ! ሽሮውንም በሶውንም፣ ኪሎ ይበዛል ብለሽ መናኸሪያ ላይ አስወጥተሽ ለማታውቂያት ሴትዮ ሰጠሽብኝ! ሦስት ቀን የፈጨሁትን! ደግሞ ወንድ አለ ትላለች፣ ስልክ ጠጋኞች ናቸው፣ ሁለቱም እርስ በርስ የማይተማመኑ!»

ከወዲያ ማዶ የመጣው ለቅሶ ነው። «እማዬ። እማዬ፣ የት ነበርሽ?»

ባድሩ ወደ መንገዱ አየ። ኸሚስ ጠረጴዛውን በጣቱ መታ መታ አደረገ።

«እታለም፣ ቁጥሯን ጠይቂያት። አሁኑኑ። ይሄ ስልክ ነገ ላይነሳ ይችላል፤ አፑም ቢሆን እስከ መቼ እንደሚታገሠው አላውቅም። ቁጥሩ ወረቀት ላይ ይሁን።»

ሔለን ቁጥሯን ጠራች። ኸሚስ በአንድ ወረቀት ጻፈ። ባድሩም ሳይጠየቅ በሌላ ወረቀት ጻፈ።

«አንተ ለምን ትጽፋለህ?»

«አንተ የጻፍከው ልክ መሆኑን በምን አውቃለሁ?»

ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አስቀመጧቸው። ሰባተኛው ላይ ይለያያሉ፤ የኸሚስ ስምንት፣ የባድሩ ሦስት።

«ስምንት ነው ያለችው» አለ ኸሚስ።

«ሦስት ነው።»

«ሔለንዬ፣ ድገሚው፤ ቀስ ብለሽ» አለች ጸዳለ።

ሔለን ደገመችው። ሦስት ነበር። ኸሚስ መነጽሩን አወለቀ፣ በሸሚዙ ጠረገው፣ መልሶ አጠለቀው፤ ስምንቱን ሠርዞ ከላዩ ሦስት ጻፈ። ጸዳለ የሠረዘበትን ወረቀት አልተቀበለችውም፤ በንጹሕ ላይ ገልብጦ እንዲሰጣት አደረገች። አንዱን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው፣ ሌላውን በጡቷ ሥር ከተተችው። ከዚያም ሁለቱንም መልሳ አወጣችና፣ ስልኩ ላይ እንዳለች ልጇን ቁጥሩን ለሦስተኛ ጊዜ አስጠራቻት፤ ኸሚስ አንዱን፣ ባድሩ ሌላውን ወረቀት ይዘው እንዲከታተሉ አድርጋ።